ራጅ ምስክር ነው፤ ፈራጁ ሐኪም ነው



አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው የተናገሩት፣ ሕመሙን እያወቀ ከሐኪም ስለሚሸሽገው ሰው ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው አንዳች ሳይሸሽግ፣ ሐኪሙም ከመጠየቅና ከመዳሰስ ሳይታክት፣ ሕመሙ ራሱ ከሥጋ በታች ተሰውሮ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የዛሬው ንግግራችን እንዲህ ያለውን የተሰወረ ሕመም ለዓይን ስለሚገልጡት መሣሪያዎች፣ ይኸውም ስለ ራጅ፣ ስለ አልትራሳውንድ፣ ስለ ሲቲ ስካንና ስለ ኤምአርአይ ይሆናል።

ይህ ጉዳይ የሐኪሞች ብቻ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ ደጁን ሳያንኳኳ ብዙ ወራት አያልፉም። ዘመዱም «አንተ የተማርህ ነህ፤ ሐኪም ቤት አድርሰኝ፤ በመሣሪያም ያንሡኝ» ይለዋል። በዚያች ሰዓት የተማረው ሰው ምክር፣ ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ ሳይዘገይ እንዲደርስ ወይም ገንዘቡንና ጊዜውን በከንቱ እንዲጨርስ ታደርጋለች። ስለዚህ መሣሪያው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ማወቅ ለእኛም የተገባ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንጀምር። በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት 29 ቀን፣ ቩርትስቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን የተባለ የፊዚክስ መምህር፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት የመስታወት ዕቃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኀይል እያሳለፈ ይመረምር ነበር። ዕቃውን በጥቁር ካርቶን ሸፍኖት ሳለ፣ ራቅ ብሎ የነበረ በኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ በጨለማው ክፍል ውስጥ ሲያበራ ተመለከተ። ከዕቃው የሚወጣው የማይታይ ጨረር ካርቶኑን አልፎ መሄዱን በዚህ ተረዳ። ምንነቱ ገና ስላልታወቀም፣ በሒሳብ ላልታወቀ ነገር በሚሰጠው ምልክት «ኤክስ» ብሎ ሰየመው። ታኅሣሥ 13 ቀን የባለቤቱን እጅ በዚሁ ጨረር አነሣ፤ በሥዕሉም ላይ የጣቶቿ ዐጥንቶችና የቀለበቷ ጥላ ተለይተው ታዩ። ሮንትገን ስለዚህ ሥራው በ1894 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ግኝቱን ግን ሰው ሁሉ እንዲጠቀምበት ብሎ የባለቤትነት መብት ሳይጠይቅበት ቀረ።

አድማጮቻችን ዓመተ ምሕረቱን ልብ ሳትሉት አልቀራችሁም። 1888 ዓ.ም. የአድዋ ዘመን ነው። ሮንትገን ጨረሩን ካየበት ቀን አንሥቶ የካቲት 23 ቀን የአድዋ ጦርነት እስከ ተደረገበት ዕለት ያለው ጊዜ አራት ወር አይሞላም። የሁለቱ ነገሮች መገጣጠም በዘመን ብቻም አልቀረም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ገደማ፣ ኔፕልስ በነበረው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ሌተናል ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ሐኪም፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን በዚህ ጨረር አንሥቶ በክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ያለበትን ቦታ አገኘ። ይህ ሥራ ጨረሩ ለጦር ቁስለኞች ሕክምና ከዋለባቸው የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንዱ ሆኖ በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል። በዓለም እጅግ ብዙ ሕይወት ያዳነው መሣሪያ ገና በሕፃንነቱ ከተፈተነባቸው ቁስሎች መካከል፣ በአገራችን መሬት የተቀበሉት ቁስሎች ይገኙባቸዋል ማለት ነው። እኛም እስከ ዛሬ መሣሪያውን «ራጅ» ብለን የምንጠራው ጣሊያኖች ጨረሮችን «ራጂ» ከሚሉት ቃል ወስደን ነው።

አድዋን ካነሣን ዘንድ ወደ አዊ ምድር እንመለስ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በአድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች እያሰበ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን እንደሚያከብር የታወቀ ነው። ፈረሰኛው በደመቀ ዕቃ ያጌጠ ፈረሱን ሲጋልብ ማየት እጅግ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ፈረስ ባለበት መውደቅም አለ። እንበልና አንድ ጐልማሳ ከፈረስ ወድቆ ክንዱን ተመታ። ክንዱ አብጧል፤ ቆዳው ግን አልተቀደደም። ዐጥንቱ ተሰብሮ ይሆን፣ ወይስ ከመጋጠሚያው ወልቆ፣ ወይስ ሥጋው ብቻ ተቀጥቅጦ? እጅ ቢዳስሰው ሁሉንም በአንድነት «እብጠት» ይለዋል። ለይቶ የሚያሳየው ራጅ ነው።

ራጅ የሚሠራው እንደሚከተለው ነው። ጨረሩ በአንድ ወገን ተልኮ በአካል ውስጥ ሲያልፍ በሌላው ወገን ፊልም ወይም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይቀበለዋል። አየር ጨረሩን እምብዛም ስለማይከለክለው በሥዕሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ሥጋና ውሃ በመጠኑ ስለሚከለክሉት ግራጫ ይሆናሉ፤ ዐጥንት ብዙውን ስለሚያስቀረው ነጭ ይሆናል፤ ጥይትና ሌላው ብረት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይነጣል። ስለዚህ የራጅ ሥዕል በመሠረቱ ጥላ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቆመን ሰው ጥላ የሚያይ፣ ሰውዬው በእጁ የያዘው ዱላ ከፊቱ ይሁን ከኋላው ሊለይ እንደማይችል ሁሉ፣ አንድ የራጅ ሥዕል ብቻም ሊያታልል ይችላል። ባለሙያው ክንዱን አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከጐን የሚያነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትንም መጋጠሚያዎች ጨምሮ ያነሣል። «ሁለት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ጊዜ ሊያስከፍለን ነው» ብሎ የሚቈጣ አስታማሚ የሙያውን ሥርዐት ባለማወቁ ነው።

የተሰበረ ሰው ባለበት የወጌሻው ነገር መነሣቱ አይቀርም። ወጌሻ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የከበረ ስፍራ ያለው ባለሙያ ነው፤ በእጁ ዳስሶ የወለቀውን በመመለስም ብዙ ሰው ረድቷል። ይሁን እንጂ የእርሱ ጣት ከቆዳ በታች ሊያይ አይችልም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው አደጋ ደግሞ የማሰሪያው ጥብቀት ነው። የተሰበረ ክንድ ወይም እግር ከታሰረ በኋላ ማበጡን ስለሚቀጥል፣ የቀርክሃው ማሰሪያ በጠዋት ልክ የነበረ ቢሆን በማታ ደሙን አንቆ ይይዛል። ጣቶች ሲቀዘቅዙ፣ ሲደነዝዙ፣ መልካቸው ሲለወጥ፣ ሕመሙም እያደር መቀነሱ ቀርቶ ሲብስ፣ ደም መታገዱን ያመለክታል። ያን ጊዜ ማሰሪያው ወዲያው መላላትና ሕመምተኛው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። «ሦስት ቀን ይቆይ» ተብሎ የተተወ እጅ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት፣ በመጨረሻም ሊቈረጥ ይችላል። ዐጥንቱ በወራት ይጠገናል፤ የተቈረጠ እጅ ግን ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ዘመዳችሁ ሲወድቅ ምክራችሁ «አስቀድመህ ራጁን ታይ፤ ማሰሩ ከዚያ በኋላ ይሁን» የሚል ቢሆን አንድን ገበሬ ከነሙሉ እጁ ወደ እርሻው ትመልሳላችሁ።

ራጅ ግን የማያየውም ነገር አለ። ጅማት ሲበጠስ በግልጥ አያሳይም። በእጅ አንጓ ውስጥ እንዳለችው ታንኳ መሰል ትንሽ ዐጥንት ያለችው ስትሰነጠቅ፣ ስንጥቋ በመጀመሪያው ቀን ሥዕል ላይ ሳትታይ ቀርታ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ በሚነሣው ላይ የምትገለጥበት ጊዜ አለ። ሥዕሉ «ደኅና ነው» እያለ ሐኪሙ ግን እጁን አስሮ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስ» ቢል፣ ሐኪሙ ተሳስቶ አይደለም። ከሥዕሉ ይልቅ ሕመምተኛው «እዚህ ላይ ያመኛል» ያለውን አምኖ ነው። የዛሬው ንግግራችን ዋና ቁም ነገርም እዚህ ላይ ይገኛል። «ዓይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። መሣሪያው ዓይን ነው፤ ያየውን ይመሰክራል። የሕመምተኛውን ታሪክ ሰምቶ፣ አካሉን መርምሮ፣ የመሣሪያውን ምስክርነት ከዚያ ጋር አገናዝቦ የሚፈርደው ግን ሐኪሙ ነው።

ይህን ይበልጥ የሚያስረዳልን የደረት ሕመም ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ተክሎ ከሰል ማክሰል ለብዙ ገበሬዎች መተዳደሪያ ሆኗል። ከሰል አክሳዩ ጭሱን ሲስብ ይውላልና ሲያስለው «ጭሱ ነው» ብሎ ማለፉ አያስገርምም። ነገር ግን ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ በዚያም ላይ ማታ ማታ ቢያልበው፣ ቢከሳ፣ የምግብ ፍላጎቱም ቢጠፋ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። በአየር የተሞላው ጤነኛ ሳንባ በራጅ ላይ ጥቁር ሆኖ ሲታይ፣ በሽታ የያዘው ክፍል ነጣ ያለ ጥላ ይጥላል። ስለዚህ የደረት ራጅ ነቀርሳን ለመጠርጠር እጅግ የሚረዳ መሣሪያ ነው። ሆኖም የሳንባ ምች፣ የቆየ ጠባሳና ዕጢም ተመሳሳይ ጥላ ሊጥሉ ይችላሉ። ጥላው የማን እንደሆነ የሚያረጋግጠው በአክታ ውስጥ የነቀርሳውን ረቂቅ ተሕዋስ የሚፈልገው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ራጁ ይጠረጥራል፤ አክታው ያረጋግጣል፤ ሐኪሙ ሁለቱን አይቶ መድኃኒቱን ያዝዛል።

በ2013 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ለነቀርሳ በሚለዩበት ጊዜ የደረት ራጅን የሚያነቡ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በሰው አንባቢ ፈንታ ሊሠራባቸው እንደሚችል አስታውቋል። ሥዕል አንባቢ ልዩ ሐኪም በጥቂቱ በሚገኝበት አገር ይህ ትልቅ እገዛ ነው። ይሁን እንጂ የኮምፒውተሩም ቃል ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ አክታው መመርመር አለበት።

አሁን ደግሞ ወደ አልትራሳውንድ እንለፍ። በገደል አፋፍ ቆሞ የጮኸ ሰው፣ ድምፁ ከማዶ ተመልሶ ሲመጣ «የገደል ማሚቶ» ይለዋል። ማሚቶው ፈጥኖ ከተመለሰ ገደሉ ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ሩቅ ነው። አልትራሳውንድ በዚህ በገደል ማሚቶ ሕግ ይሠራል። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብን ድምፅ ሲሰማ፣ መሣሪያው የሚልከው ድምፅ በሴኮንድ በሚሊዮን የሚቈጠር ጊዜ ስለሚርገበገብ አይሰማም። ድምፁ በሥጋ ውስጥ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አንዱ የአካል ክፍል ከሌላው በሚዋሰንበት ቦታ ሁሉ ጥቂት ጥቂቱ ይመለሳል። ኮምፒውተሩ የተመለሰበትን ጊዜ እየለካ ሥዕሉን ይሠራል። በሆድ ላይ የሚቀባው ቀዝቃዛ ቅባትም መድኃኒት አይደለም፤ በመሣሪያውና በቆዳው መካከል አየር ገብቶ ድምፁን እንዳያግድ የሚደረግ ነው።

ይህን ጥበብ ለእናቶች ሕክምና በማዋል ስሙ የሚነሣው፣ በስኮትላንድ አገር በግላስጎው ከተማ የነበረው የማሕፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ ነው። እርሱ በፋብሪካ ውስጥ የብረትን ስንጥቅ ለማግኘት በሚሠራበት መሣሪያ ተነሣሥቶ፣ የሆድ ዕጢዎችንና ጽንስን በድምፅ ለመመርመር መቻሉን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ1950 ዓ.ም. ጽፎ አሳወቀ።

በነፍሰ ጡር እናት ዘንድ አልትራሳውንድ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች የሞትና የሕይወት ጥያቄዎች ናቸው። ጽንሱ አንድ ነው ወይስ መንታ? ዕድሜው ስንት ሳምንት ነው? እንግዴ ልጁ የማሕፀኑን በር ዘግቶት ይሆን? የልጁ አተኛኘት በራሱ ነው፣ በመቀመጫው ነው ወይስ አግድም? እንግዴ ልጁ በሩን የዘጋባት እናት በምጥ ጊዜ ብዙ ደም ሊፈስሳት ይችላል። ነገሩ አስቀድሞ ከታወቀ ግን ቀኑ ሳይደርስ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ትሄዳለች። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። የጽንሱን ዕድሜ ለማወቅ ቶሎ መታየት ይሻላል፤ ጽንሱ ባደገ ቁጥር ግምቱ እየላላ ይሄዳልና። «ወንድ ነው ወይስ ሴት?» የሚለው ጥያቄ የቤተሰብ ደስታ ነው፤ ወጪውና መንገዱ ግን የተደከመበት ለእርሱ አይደለም። እንግዲህ ከዚገምም ሆነ ከጓንጓ ገጠር አንዲት ነፍሰ ጡር ዘመድ ብትመጣባችሁ፣ «ካልታመምሽ ምን ያስኬድሻል?» አትበሏት። ጤነኛ ሆና ሳለች መታየቷ ታምማ እንዳትመጣ ያደርጋልና።

አልትራሳውንድ ጨረር ስለሌለው ለእናትም ለጽንስም የተመረጠ ነው። ጉበትን፣ ሐሞትን፣ ኩላሊትንና ልብን ለመመርመርም ያገለግላል። ነገር ግን ድምፁ ዐጥንትንና አየርን አልፎ መሄድ ስለማይችል፣ የራስ ቅልን ውስጥና በአየር የተሞላን አንጀት በደኅና አያሳይም። ከዚህም በላይ ሥዕሉ በያዘው እጅ ችሎታ የተመሠረተ ነው፤ በሠለጠነ እጅ ብዙ ይናገራል፤ ባልሠለጠነ እጅ ያሳስታል።

ሦስተኛው መሣሪያ ሲቲ ስካን ነው። ድፎ ዳቦ ሳይቈረስ ከውጭ ቢያዩት ውስጡ መብሰሉ አይታወቅም፤ በስሱ እየተቈረሰ ቢታይ ግን ያልበሰለው ቦታ ይገኛል። ሲቲ ስካን አካልን ሳይቈርስ እንደ ተቈረሰ አድርጎ የሚያሳይ ነው። የራጁ ጨረር በሕመምተኛው ዙሪያ እየዞረ ከየአቅጣጫው ሲያነሣ፣ ኮምፒውተሩ ጥላዎቹን ሁሉ አስልቶ አንድ በአንድ የተቈረሰ ሥዕል ያወጣል። ይህን መሣሪያ የሠራው እንግሊዛዊው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ በለንደን አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል መስከረም 20 ቀን 1964 ዓ.ም. ጭንቅላቷ ተነሣ። ለዚህ ሥራ መሠረት የሆነውን ስሌት ቀደም ብሎ ያዘጋጀው ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በኬፕታውን ያስተምር የነበረው አለን ኮርማክ ነው። ሁለቱም በ1972 ዓ.ም. የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የአፍሪካ ምድር ለዚህ ጥበብ ያዋጣችው ድርሻ ሊታወስ ይገባል።

የሲቲ ስካን ዋና ጥቅም ጊዜ በማይሰጥ ሕመም ላይ ይታያል። ከመኪና አደጋ በኋላ ራሱን የሳተ ሰው በራስ ቅሉ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ በጥቂት ደቂቃ ይታወቃል። ድንገት አንድ ጐኑ የዛለና አፉ የተጣመመ ሰውም በአንጎሉ ውስጥ ደም ሥር ፈንድቶ ይሁን ወይስ በረጋ ደም ተዘግቶ ከውጭ አይለይም። የሁለቱ ሕክምና ደግሞ እርስ በርሱ ይቃረናል፤ ለተዘጋው የሚሰጠው ደም አቅጣኝ መድኃኒት ለፈነዳው መርዝ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሕመም የደረሰበትን ሰው «ነፋስ መታው» ብሎ በቤት ማቆየት ያለችውን አጭር ጊዜ ማባከን ነው።

አራተኛው ኤምአርአይ የሚባለው ሲሆን፣ የሚሠራው ያለ ራጅ ጨረር በታላቅ መግነጢስ ኀይል ነው። አብዛኛው የሰው አካል ውሃ ነው፤ በውሃው ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን ቅንጣቶች በመግነጢሱ ኀይል በመሥመር ይሰለፋሉ፤ የራዲዮ ሞገድ ሲላክባቸው ይናወጣሉ፤ ወደ ቦታቸው ሲመለሱም ምልክት ይሰጣሉ። እኛ በራዲዮ የምናሰማችሁ ድምፅ በሞገድ እንደሚደርሳችሁ ሁሉ፣ መሣሪያው የአካልን ሞገድ ተቀብሎ ሥዕል ያደርገዋል። በዚህ ሥራ ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ በ1996 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። አንጎልን፣ የአከርካሪን ኅብለ ሰረሰር፣ ጅማትንና የመጋጠሚያ ውስጥን በማሳየት ተወዳዳሪ የለውም። የመግነጢሱ ጕልበት በብዙዎቹ መሣሪያዎች ከምድር መግነጢስ 30,000 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ ግን፣ በአካሉ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት አስተካካይ መሣሪያ ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል። በአድዋ ዘመን ራጅ ያገኘው ዓይነት ጥይት በአካሉ የቀረበት ሰው ወደዚህ መሣሪያ ሳይጠየቅና ሳይመረመር ሊገባ አይፈቀድለትም።

ጨረርን የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ ምንም እንደማይጐዳ ቈጥረው በየጊዜው «አንሡኝ» የሚሉም አሉ። የሁለቱም አስተሳሰብ ከመጠን ያለፈ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባለሙያዎቹ ራሳቸውን ሳይከላከሉ ስለሠሩ ብዙዎቹ ተጐድተዋል። የታወቀው የቶማስ ኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ በጨረሩ ቃጠሎና ካንሰር ሁለት እጆቹን አጥቶ በ1897 ዓ.ም. ሞተ፤ ኤዲሰንም ከዚህ የተነሣ የራጅን ሥራ ተወ። ዛሬ የሚሰጠው መጠን እጅግ ያነሰ ነው። ሰው ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚደርሰው ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ሲሆን፣ አንድ የደረት ራጅ ከ0.1 አይበልጥም፤ ይህም የሁለት ሳምንት የተፈጥሮ ጨረር ያህል ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ግን ከ8 እስከ 10 ሊደርስ ስለሚችል የሦስትና የአራት ዓመቱን ያህል ይሆናል። ስለዚህ በሚያስፈልግ ጊዜ አለመፍራት፣ በማያስፈልግ ጊዜም አለመጠየቅ ይገባል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምትጠረጥር ሴት ለባለሙያው መናገር አለባት፤ ሕፃን ለመያዝ ከክፍሉ የሚገባ ወላጅም የእርሳስ መከላከያ ልብስ መልበስ አለበት። በአገራችንም በ2000 ዓ.ም. የወጣው የጨረራ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 571 በዚህ ሥራ ላይ ቁጥጥር እንዲደረግ ደንግጎ ነበር።

እንግዲህ የተማረው ሰው ተግባር ምንድን ነው? አንደኛ፣ ዘመዱን ከመሣሪያው በፊት ከሐኪሙ ፊት ያቀርባል። ራስ ምታት ያለበት ሁሉ ሲቲ ስካን፣ ጀርባው ያመመው ሁሉ ኤምአርአይ አያስፈልገውም። ሐኪሙ ጥያቄውን ሳያውቀው የተነሣ ሥዕል፣ ማን እንደ ተካሰሰ ሳይታወቅ እንደ ቀረበ ምስክር ነው።

ሁለተኛ፣ መንገዱን ይመራል። በቅርብ ከሚገኘው ጤና ጣቢያ ወደ ዳንግላ ሆስፒታል ወይም ወደ እንጅባራ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም የበለጠ ሲያስፈልግ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ወደሚገኙባት ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው በመላኪያ ወረቀት ነው። ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዳንግላም 80 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን አስቦ፣ የሚያስፈልገው መሣሪያ በዚያ ቀን እየሠራ መሆኑን ሕመምተኛው ከመነሣቱ በፊት በስልክ መጠየቅ የአንድ ቀን ደመወዝና የአንድ ቀን ስቃይ ያተርፋል።

ሦስተኛ፣ ያስተረጕማል። በአገውኛ ብቻ የሚናገሩ አዛውንት «ትንፋሽዎን ስበው ይያዙ» የተባሉትን ሳይረዱ ቢተነፍሱ የደረቱ ሥዕል ይደበዝዛል። ቃሉን አስቀድሞ በቋንቋቸው ያስረዳቸው ልጅ ለመሣሪያው ትልቅ ረዳት ሆኗል።

አራተኛ፣ የቀድሞውን ፊልምና የተጻፈውን ውጤት በንጹሕ ኤንቨሎፕ፣ ከምድጃና ከእርጥበት አርቆ ያስቀምጣል። ሐኪሙ አምና የተነሣውን ከዘንድሮው ጋር ሲያስተያይ፣ ያ ጥላ የቆየ ጠባሳ ይሁን ወይስ አዲስ የበቀለ ነገር ይለያል። አሮጌውን ፊልም ለመስኮት መሸፈኛ የሚያደርግ ሰው የምስክሩን ቃል ቀዶ እንደሚጥል ይቈጠራል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ በ1888 ዓ.ም. ጨረሩ በኔፕልስ የሁለት ወታደሮችን ክንድ ሲያሳይ፣ ያየው መሣሪያው ቢሆንም ቢላዋውን በየት በኩል እንደሚያስገባ የወሰነው ሐኪሙ ነበረ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ በብዛትም በጥበብም እጅግ አድገዋል፤ ይህ ሥርዐት ግን አልተለወጠም። በመጪው ጥር በእንጅባራ ሜዳ ፈረሰኞች ሲጋልቡ የሚወድቅ ቢኖር፣ ከወገኖቹ መካከል «አስቀድሞ ራጁን ይታይ፤ ሐኪሙም ይፍረድ» የሚል አንድ ሰው አይጥፋ። ያ ሰው ከእናንተ አንዱ እንዲሆን እንመኛለን።

ለዛሬው ንግግራችንን በዚሁ እናበቃለን።